ለአሮጌ መኪና አዲስ የኋላ መብራት ስለ መግጠም

ሰሊጥ ታጭዶ በሚራገፍበት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ በምዕራብ ጎንደር ቆላ የጭነት መኪና ዕረፍት የለውም። ከእርሻው ወደ ገንዳ ውኃና ወደ መተማ ዮሐንስ፤ ከዚያም በነጋዴ ባሕርና በአይከል በኩል ወደ ጎንደር ከሚመላለሱት መኪናዎች ብዙዎቹ ረጅም ዘመን ያገለገሉ ናቸው። ሞተሩ የታደሰና ጎማው የተለወጠ መኪና የኋላ መብራቱ ግን ተሰብሮ በቀይ ላስቲክ የተሸፈነ፣ ወይም አምፑሉ የተቃጠለ፣ ወይም ከነጭራሹ የሌለ ሆኖ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም።

ነገሩ ቀላል መስሎ ቢታይም የሚያስከትለው ጉዳት ከባድ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሾፌሩ አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥና መኪናው እስኪቆም ድረስ በደረቅ አስፋልት ላይ እንኳ ወደ 70 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል፤ ጭነት የያዘ መኪና ደግሞ ከዚህ የበለጠ ይፈልጋል። ዝቅ ያለው የፊት መብራት በደንብ የሚያሳየው ግን ከ40 እስከ 60 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ያለ መብራት በመንገድ ላይ የቆመን የጭነት መኪና ከኋላ የሚመጣው ሾፌር በሚያየው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ዘግይቷል ማለት ነው። በጭነቱ ላይ የቀን ሠራተኞች ተሳፍረው እንደሆነ ደግሞ የሚጠፋው ሰሊጥ ብቻ አይሆንም።

ነባሩ መኪና በሥራ ላይ የሚቆይበት ዘመን እንዲረዝም ያደረጉ ምክንያቶች አሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪናዎች ወደ አገር ሲገቡ የሚከፈለውን ታክስ ከፍ አደረገው። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. በሱዳን የተነሣው ጦርነትም የመተማን የድንበር ንግድ አወከ። እንዲህ ባለ ጊዜ ባለ መኪናው ያለውን መኪና መጠገንን ይመርጣል፤ ለአሮጌው ሞዴል የሚሆን መብራት ባጣም ጊዜ የአዲሱን ሞዴል መብራት ገዝቶ በግቢው ውስጥ ራሱ ለመግጠም ይነሣል። ሥራው የሚቻል ነው። ሆኖም የመብራት ዕቃ በመልኩና በስፋቱ ብቻ የሚገዛ አይደለም፤ ከመልኩ በፊት ቮልቱ፣ ገመዱና ፍላሸሩ ሊመረመሩ ይገባል። ይህን ለይቶ የሚሸጥ ነጋዴ ደንበኛውን ከኪሣራ፣ መንገደኛውንም ከአደጋ ያድናል።

የኋላ መብራት ሥራዎች

አንድ የኋላ መብራት ቢያንስ ሦስት ሥራ ይሠራል። አንደኛው ማታ ሲነዳ ዘወትር የሚበራው ቀይ መብራት ነው፤ በተለመደው አምፑል ኀይሉ 5 ዋት ነው። ሁለተኛው ፍሬን ሲረገጥ የሚበራውና በተለምዶ ስቶፕ የሚባለው ሲሆን ኀይሉ 21 ዋት ነው። ሦስተኛው ፍሬቻ ነው፤ እርሱም 21 ዋት ሆኖ ቀለሙ ብርቱካንማ ነው። ከእነዚህ ሌላ ወደ ኋላ ሲነዳ የሚበራ ነጭ መብራትና ያለ ኤሌክትሪክ የሌላውን መኪና ብርሃን የሚመልስ ቀይ አንጸባራቂ አሉ። በብዙ መኪናዎች የማታው መብራትና ስቶፑ ሁለት ክር ባለው በአንድ አምፑል ውስጥ ይገኛሉ። የዚህ አምፑል ሁለት እግሮች እኩል ከፍታ ላይ አለመሆናቸው ሰው ገልብጦ እንዳያስገባው ነው፤ በግድ ተገልብጦ ከገባ ስቶፑ በማታው መብራት ቦታ ዘወትር ይበራና ፍሬን ሲረገጥ የሚታየው ለውጥ ይጠፋል።

በመጀመሪያ ቮልቱን ማወቅ

አብዛኞቹ ትናንሽ መኪናዎች በ12 ቮልት፣ ብዙዎቹ የጭነት መኪናዎች ደግሞ በተከታታይ በተያያዙ ሁለት ባትሪዎች በ24 ቮልት ይሠራሉ። የ12 ቮልት አምፑል በ24 ቮልት መስመር ላይ ቢገባ ወዲያውኑ ይቃጠላል። የ24 ቮልቱ በ12 ቮልት ላይ ቢገባ ደግሞ እንደ ፍም ደብዝዞ ይታያል እንጂ መብራት ሊባል አይችልም። ስለዚህ ከመግዛት በፊት በባትሪው ላይ የተጻፈውን ማንበብ፣ ባትሪው ሁለት ከሆነም የተያያዘበትን መንገድ መመልከት ያስፈልጋል። በሞዴሉ ስም ብቻ መገመት አይገባም፤ አንዳንድ ሞዴል ለአንዱ አገር በ12፣ ለሌላው አገር በ24 ቮልት ተሠርቶ ይላካልና።

በአንዳንድ ቦታ የ12 ቮልት መብራት በርካሽ ተገዝቶ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ ገመድ እየተሳበለት በ24 ቮልት መኪና ላይ ሲገጠም ይታያል። ይህ መንገድ ለጊዜው ያበራል፤ ነገር ግን አንደኛው ባትሪ ዘወትር ሲደክም ሁለተኛው ከመጠን በላይ ይሞላና ሁለቱም ያለ ጊዜያቸው ይበላሻሉ። በመብራቱ ላይ የተረፈው ገንዘብ በባትሪው ዋጋ ብዙ እጥፍ ሆኖ ይከፈላል።

ቅርጹና መቀመጫው

በትንሽ መኪና ላይ መብራቱ የሚቀመጠው በላሜራው ቅርጽ ልክ ነው። በአንድ ትውልድ ውስጥ መልኩ ብቻ የታደሰ ሞዴል መብራት ብዙውን ጊዜ በአሮጌው የብሎን ቀዳዳ ላይ ይገባል፤ አካሉ በሙሉ የተለወጠ ሞዴል መብራት ግን አይገባም። ለዚህ በአዲስ አበባ በብዛት የታወቀችው ፎልክስቫገን ጥሩ ምሳሌ ናት። በ1973 እ.ኤ.አ. ሞዴል ላይ የወጣው ትልቁ ክብ የኋላ መብራት ከአዲስ የጭቃ መከላከያ ጋር ተስማምቶ የተሠራ በመሆኑ፣ በቀድሞው መከላከያ ላይ ለመግጠም የሚፈልግ ሰው ወይ መከላከያውንም አብሮ መለወጥ፣ ወይም ላሜራውን መቁረጥ ግድ ይሆንበታል። ከዚህም በላይ እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ የተሠሩት ብዙዎቹ ፎልክስቫገኖች በ6 ቮልት የሚሠሩ ስለሆኑ የአዲሱ አምፑል እንዳለ ሊገባላቸው አይችልም።

በጭነት መኪና ላይ ነገሩ ይቀላል፤ መብራቱ የሚታሰረው ከሳንዱቁ በታች ባለ የብረት መደገፊያ ላይ ስለሆነ ማናቸውም ቅርጽ ሊገጠም ይችላል። ሆኖም ቦታው በዘፈቀደ አይመረጥም። አምራቾች የሚከተሉት ዓለም አቀፍ ደንብ መብራቱ ከመሬት ከ35 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ፣ በጠቅላላው ደግሞ ከ1 ሜትር ከ50 ያልበለጠ ከፍታ እንዲኖረው፤ የማታውም መብራት ከመኪናው የጎን ጠርዝ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ያዛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ወደ መካከል የተጠጉ ሁለት መብራቶች ሰፊውን የጭነት መኪና በጨለማ ትንሽ መኪና አስመስለው ያሳያሉ።

አንጸባራቂውም ሊረሳ አይገባም። በብዙ አዳዲስ ሞዴሎች አንጸባራቂው ከመብራቱ ተለይቶ በመከላከያው ላይ የሚገኝ ስለሆነ፣ አሮጌው መብራት ከነአንጸባራቂው ወጥቶ አዲሱ ሲገባ መኪናው ሳይታወቅ አንጸባራቂ አልባ ሆኖ ይቀራል። ባትሪው ሞቶ መኪናው በመንገድ ላይ ሲቆም የሚታየው ይኸው አንጸባራቂ ብቻ ነው። ከተበላሸ መኪና ኋላ ድንጋይና ቅርንጫፍ መደርደር የቆየ ልማድ ቢሆንም ቅርንጫፍ ብርሃን አይመልስምና ተለይቶ የሚሸጠውን ቀይ አንጸባራቂ ገዝቶ በሁለቱም በኩል መግጠም ትንሽ ወጪ ነው።

ገመዱና የኔጋቲቭ መስመሩ

በግቢ ውስጥ ከሚሠራው ሥራ ብዙ ስሕተት የሚገኘው በዚህ ክፍል ነው። የአሮጌው መብራት ቤት ብረት በመሆኑ የኔጋቲቩን መስመር የሚያገኘው በብሎኑ አማካይነት ከመኪናው አካል ነው። የአዲሱ መብራት ቤት ግን ፕላስቲክ ስለሆነ ለኔጋቲቭ ራሱን የቻለ ገመድ አለው። ይህን ገመድ ያላገናኘ ገጣሚ መብራቱ እንግዳ ጠባይ ሲያሳይ ያገኘዋል፤ ፍሬን ሲረገጥ ስቶፑ ደብዝዞ የማታው መብራት አብሮ ይግላል፤ ፍሬቻው ሲበራ ሌላው መብራት አብሮ ብልጭ ይላል። ኤሌክትሪኩ በትክክለኛው መንገድ መመለስ ሲያቅተው በሌላው አምፑል በኩል ዞሮ መውጫ ስለሚፈልግ ነው። መድኃኒቱ የኔጋቲቩን ገመድ ቀለሙና ዝገቱ በተፋቀለት በንጹሕ ብረት ላይ በብሎን አጥብቆ ማሰር ነው።

የገመዶቹም ቁጥር ሊታይ ይገባል። ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ አንዳንድ መብራቶች ስቶፑና ፍሬቻው አንድ ቀይ አምፑል ናቸው፤ በጃፓንና በአውሮፓ መኪናዎች ግን ፍሬቻው ለብቻው ብርቱካንማ ነው። ሁለቱን ዓይነቶች ያለ ማስተካከያ ማገናኘት ፍሬን በተረገጠ ጊዜ ፍሬቻው እንዳይታይ ያደርጋል። የገመድ ቀለም ከአምራች ወደ አምራች ስለሚለያይ ቀለምን አምኖ ማገናኘትም አይገባም፤ እያንዳንዱ ገመድ በመፈተሻ አምፑል መረጋገጥ አለበት።

ፍላሸሩና አዲሱ የኤል.ኢ.ዲ. መብራት

አዲሱ ሞዴል በኤል.ኢ.ዲ. የሚሠራ በሚሆንበት ጊዜ ጥቅሙ ብዙ ነው። መንገጫገጭ የሚቆርጠው ክር የለውም፤ የሚወስደው ኀይልም ጥቂት ነው፤ ፍሬን ሲረገጥም ከክር አምፑል በሴኮንድ ሁለት ዐሥረኛ ያህል ቀድሞ ይበራል። ይህች ጊዜ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለሚከተል መኪና ከ4 ሜትር በላይ ርቀት ታተርፋለች።

ሆኖም የአሮጌው መኪና ፍላሸር የተሠራው ለክር አምፑል ነው። በትንሽ መኪና በአንድ ወገን የፊቱ 21፣ የኋላው 21፣ የጎኑ 5 ዋት ሲደመር 47 ዋት ይሆናል፤ ይኸውም በ12 ቮልት ወደ 4 አምፔር ይጠጋል። የኋላው አምፑል 3 ዋት በሚወስድ ኤል.ኢ.ዲ. ሲተካ ድምሩ ወደ 29 ዋት ይወርዳል። ፍላሸሩም አምፑል የተቃጠለ መስሎት ፍሬቻውን በጣም ያፈጥነዋል፤ በሙቀት የሚሠራው የጥንቱ ፍላሸርማ ከነጭራሹ ብልጭ ድርግም ላይል ይችላል። ትክክለኛው ፍጥነት በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ነው።

ለዚህ ሁለት መፍትሔ አለ። የመጀመሪያውና የሚሻለው ለኤል.ኢ.ዲ. የተሠራ ኤሌክትሮኒክ ፍላሸር በአሮጌው ምትክ ማስገባት ነው። ሁለተኛው የጎደለውን ዋት የሚተካ ሬዚስተር ከመብራቱ ጋር ጎን ለጎን ማያያዝ ነው። በዚህ ላይ ግን ነጋዴውም ገዢውም ብርቱ ጥንቃቄ ሊያደርጉ ይገባል። በገበያ የተለመደው ባለ 6 ኦምና ባለ 50 ዋት ሬዚስተር ለ12 ቮልት መኪና የታሰበ ነው። ቮልቱ በራሱ ተባዝቶ ለኦሙ ሲካፈል ዋቱ ይገኛልና 12 በ12 ተባዝቶ ለ6 ሲካፈል 24 ዋት ይሆናል፤ ይህ ልክ ነው። ያው ሬዚስተር በ24 ቮልት የጭነት መኪና ላይ ቢገባ ግን 24 በ24 ተባዝቶ ለ6 ሲካፈል 96 ዋት ይሆናል፤ ይኸውም ሬዚስተሩ ሊችለው ከሚገባው እጥፍ ገደማ ስለሆነ ገመዱንና ፕላስቲኩን ሊያቃጥል ይችላል። ለ24 ቮልት የሚስማማው ወደ 25 ኦም የሚጠጋው ነው። በየትኛውም መኪና ቢሆን ሬዚስተር እጅግ ስለሚሞቅ በብረት ላይ እንጂ ከፕላስቲክና ከገመድ አጠገብ አይታሰርም።

መብራቱን በሙሉ ሳይለውጡ የኤል.ኢ.ዲ. አምፑል ብቻ በአሮጌው ቤት ውስጥ የሚያስገቡም አሉ። የአሮጌው ቤት መስተዋት የተሠራው ለክር አምፑል ብርሃን ስለሆነ ብርሃኑ በጎን በኩል ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ይህ የግድ ከሆነም ለቀይ መስተዋት ቀይ፣ ለብርቱካንማው ብርቱካንማ አምፑል ይመረጣል፤ ነጩ በቀዩ መስተዋት ውስጥ ደብዛዛ ሐምራዊ ቀለም ያሳያልና።

የቆላው አቧራ፣ ሙቀትና ዝናብ

መንገዱ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ከጎንደር ተነሥቶ ወደ 700 ሜትር ገደማ ወዳላት መተማ የሚወርድ ነው። በረጅሙ ቁልቁለት ፍሬን ደጋግሞ ስለሚረገጥ ስቶፑ ብዙ ጊዜ ይበራል፤ በበጋው መጨረሻ የቆላው ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሆንበት ጊዜም በ5 ዋት ቦታ 21 ዋት አምፑል የገባበት የፕላስቲክ ቤት ይቀልጣል። ክረምት ሲገባ ደግሞ የዋልካው ጭቃና ውኃ በገመዱ መግቢያ በኩል ገብቶ ሶኬቱን ያዝገዋል። ስለዚህ መብራቱ ከመደገፊያው ጋር በሚገናኝበት ላይ የጎማ ሽፋን ይደረጋል፤ ገመዱ በጎማ ቀለበት ውስጥ ያልፋል፤ የውኃ ማስወጫው ቀዳዳ ወደ ታች እንዲሆን ተደርጎ ይገጠማል። ይህን ቀዳዳ በማስቲሽ መድፈን የገባውን ውኃ በውስጡ ማስቀረት ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል

መኪናው በሜዳ ላይ ቆሞ ጎማው በድንጋይ ይደገፋል፤ የባትሪውም ኔጋቲቭ ጫፍ ይፈታል። አሮጌው መብራት ከመፈታቱ በፊት የገመዶቹ አያያዝ በስልክ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ለእያንዳንዱም ገመድ ምልክት ይታሰርለታል። የአዲሱ መብራት ቦታ ከሁለቱም ጠርዝ እኩል ተለክቶ ይበሳል፤ የተበሳውም ብረት እንዳይዝግ ቀለም ይቀባል። ገመዶቹ በስታኞ ተበይደው ወይም በመጨመቂያ ማያያዣ ተይዘው በደንብ ይሸፈናሉ፤ ተጠማዝዘው በናስትሮ ብቻ የተጠቀለሉ እንደሆነ በአንድ ክረምት ይፈታሉ። ፊውዙም በቀድሞው መጠን ይተካል እንጂ በሽቦ አይቀጠልም።

በመጨረሻ ባትሪው ተያይዞ ሙከራ ይደረጋል። የማታው መብራት በርቶ፣ ፍሬን ተረግጦ፣ ፍሬቻውም በአንድ ወገን ተከፍቶ ሦስቱ በአንድነት ሲሠሩ ሌላ ሰው ከኋላ ቆሞ ይመለከታል። ከመካከላቸው አንዱ ቢደበዝዝ የኔጋቲቩ መስመር ደካማ ነው። ይኸው በሌላው ወገን ይደገማል፤ ከ30 እርምጃ ርቀትም በቀን ፀሐይ ስቶፑ ከማታው መብራት ተለይቶ መታየቱ ይረጋገጣል። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ዓመታዊ ምርመራን የደነገገ ስለሆነ ይህን ሙከራ ያለፈ መብራት በምርመራው ጊዜም ለባለ መኪናው አያሳፍርም።

አስመጪውና ባለ ሱቁ ሊያስቡበት የሚገባ

በመብራቱ መስተዋት ላይ የተቀረጸው ምልክት ለነጋዴ ጠቃሚ ምስክር ነው። በክብ ውስጥ ያለ የላቲን «ኢ» ፊደልና ቁጥር መብራቱ በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት የጸደቀበትን አገር ያሳያል፤ 1 ጀርመንን፣ 4 ኔዘርላንድን፣ 43 ጃፓንን ያመለክታል። ከአጠገቡ የሚገኘው «አር» የማታውን መብራት፣ «ኤስ» ስቶፑን፣ «2ኤ» የኋላውን ፍሬቻ፣ «ኤፍ» የኋላውን የጉም መብራት ያመለክታል። ምልክቱ ሐሰተኛ ሊሆን የሚችል ቢሆንም ጭራሹን ምልክት የሌለውን ዕቃ ከማዘዝ በፊት ናሙና ማስመጣት ይገባል።

የመንገድ ወገንም ይታሰብ። ኢትዮጵያ ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ሱዳን ደግሞ ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ በኩል ይነዳሉ። በመካከሉ በነበሩት ዘጠኝ ዓመታት በመተማ ድንበር የሚሻገር ሾፌር ወገኑን መለወጥ ነበረበት፤ አሁን ግን ለሁለቱም አገር አንድ ዓይነት ዕቃ ይስማማል። በግራ ለሚነዱ አገሮች ከተሠሩ መኪናዎች የተወሰደ መብራት ሲመጣ የጉም መብራቱ በአንድ ወገን ብቻ የሆነ እንደሆነ ቦታው የተገለበጠ ስለሚሆን ይህ አስቀድሞ መታየት አለበት።

በመተማና በገንዳ ውኃ ሱቆች ባለ 12 ቮልቱ ፒክአፕና ባለ 24 ቮልቱ የጭነት መኪና በአንድ በር ይገባሉ። ስለዚህ ከ10 እስከ 30 ቮልት ድረስ የሚሠራውን የኤል.ኢ.ዲ. መብራት ማስመጣት ለአስመጪውም ለባለ ሱቁም ይስማማል፤ አንድ ዓይነት ዕቃ ለሁለቱም ደንበኞች ይበቃልና በመደርደሪያ ላይ የሚታሰረው ገንዘብ ያንሳል፤ በቮልት ስሕተት ተቃጥሎ የሚመለስ ዕቃም ይቀራል። እንዲህ ያለው መብራት ብዙውን ጊዜ ታሽጎ የተሠራና አምፑሉ የማይለወጥ ስለሆነ ጥንዱን ብቻ ሳይሆን የግራውንና የቀኙን ለየብቻ መያዝ ያስፈልጋል። ፍላሸሩና አንጸባራቂውም ከመብራቱ ጋር አብረው ቢቀርቡ ሽያጩ ይጨምራል፤ ደንበኛውም ጎደሎ ዕቃ ይዞ አይመለስም።

በሱቁ ውስጥ ሁለት ባትሪ አስቀምጦ መብራቱን በገዢው ፊት ማብራት፣ በደረሰኙም ላይ ቮልቱን መጻፍ በኋላ የሚነሣውን ክርክር ያስቀራል። «መኪናህ ስንት ቮልት ነው? የኔጋቲቭ ገመድ አለው? ፍላሸሩስ የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ከተመለሱ በኋላ የተሸጠ መብራት ከመተማ እስከ ጎንደር ባለው ሌሊት ሥራውን ይሠራል፤ ሰሊጡም ሰውም በሰላም ይገባል።